የዱባው ሌላ ስም

እናቴ አሰጋሽ ዋጋ ከመናገሯ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ ነበራት። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ጎመኑን ሲያገላብጥ ቀና ብላ ታየውና፣ «እናንተ አገር ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» ትለዋለች።

አቃቂ ለዚህ ጥያቄ የተሠራች ሰፈር ናት። ባቡር አምጥቶ የጣለው፣ ፋብሪካ ቀጥሮ ያስቀረው፣ ቃሊቲ የታሰረ ዘመዱን ሊጠይቅ መጥቶ ቤት የተከራየው፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ከየትም ይምጣ ግን ወጥ መሥራቱ አይቀርም፤ ወጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ በእኛ ጉልት በኩል ሳያልፍ ቤቱ አይገባም።

የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ሮሪሳ ጎመኑን «ራፉ» ይሉታል፣ ሽንኩርቱን «ቁሉቢ»። ከትግራይ የመጣችው የወታደር ሚስት ቲማቲሙን «ኮሚደረ» ትለዋለች፤ እናቴም ቃሉን ተቀብላ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ታገላብጠዋለች። አንድ ጎጃሜ ሹፌር ነበር፣ በቆሎ የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር የሚቆጣ። «በቆሎ ምንድን ነው? የባሕር ማሽላ አትይም?» የሐረሯ ሴትዮ ነጭ ሽንኩርቱን «ቱማ» ብላ ስትጠራው ደግሞ እኔ ሰው የጠራች መስሎኝ ዞር እል ነበር። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአንድ ቅጠል ስም ሊጣሉ ደረሱ። አንዷ «ሳማ ነው» ስትል ሌላዋ «ዶቢ ነው» አለች። በመጨረሻ አንዷ ጣቷን እያሻሸች፣ «በይ ተይው፤ ሲለበልብ ሁለታችንንም እኩል ነው» ብላ ገላገለችን።

አዲስ ስም ለነገራት ሁሉ እናቴ ትመርቃለች። ከመደቡ ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት ወይም አንድ እፍኝ ቃሪያ አንስታ ጣል ታደርግለታለች። እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ነገሩን በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ፈታሁት። የንግድ ብልሃት ነው አልኩ። ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ደስ ያለው ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ጎን ያሉት ነጋዴዎች ይህን አያውቁም። እናቴ ብልጥ ናት። ኮራሁባት።

ኩራቴንም ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። ቲቸር ፍቅሩ ስለ አትክልት ሲያስተምሩ እጄን አውጥቼ የጎመንንም የሽንኩርትንም ስም በየአገሩ ዘረዘርኩላቸው።

«ትክክለኛ ስሙ ጎመን ነው» አሉኝ። «ሌላው የገጠር ንግግር ነው።»

«ቲቸር፣ እርስዎስ የተወለዱት የት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ አቧራ እንደለበሰ ወደ ጉልቱ ስመለስ እናቴ ነገሩን ሰምታ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ጉልበቴን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «አልነገሩሽም ታዲያ? የት ነው የተወለዱት?» አለችኝ። የምሯን ነበር።

ዱባ የሚመጣው መስከረም ሲጠባ ነው። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች በአህያ ጭነው ያመጡታል፤ እናቴ ትልቁን መርጣ በቢላዋ ትሰነጥቀዋለች፣ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ሲከፈት ፍሬው በላብ እንደራሰ ያብለጨልጫል፣ የእርጥብ ሣር ሽታ ይወጣዋል። ያን ሰሞን ጥያቄዋ ይለወጥ ነበር። የጎመኑን ጮክ ብላ፣ እየሳቀች ነው የምትጠይቀው፤ የዱባውን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠይቅና መልሱ እስኪመጣ የሰውየውን አፍ ታያለች።

«ዱባ ነዋ» ይላታል አንዱ።

«ቡቄ» ይላሉ ጋሽ ሮሪሳ።

ታመሰግናለች፣ ትመርቃለች፣ ፊቷ ግን በጊዜ እንደተዘጋ ሱቅ ይሆናል።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ የተረፈውን ዱባ ስትከትፍ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ የዱባ ስም ሞላልሽ?»

«አንድ ይቀረኛል።»

«ምን የሚባል?»

ቢላዋዋን አቆመች። «አሻጋሪ» አለችኝ።

«የየት አገር ነው?»

«እሱን ነው እኮ የማላውቀው።»

«የሚያውቅ ሰው ቢመጣስ?»

ሳቀች። «የመጣ ቀንማ መደቡን በሙሉ አንስቼ ነው የምሰጠው!»

ለልጅ እንዲህ አይባልም። ልጅ የሰማውን አያኝክም፣ ይውጠዋል። እኔም እንዳለ ዋጥኩት። ሽልማት ያለው ጨዋታ ነው፣ መልሱ «አሻጋሪ» ነው፣ ሽልማቱም ሙሉ መደብ።

ያኔ ያልተነገረኝ ይኸውላችሁ። እናቴ በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወሎ ውስጥ አንድ መጠለያ አጠገብ ከቤተሰቦቿ ተለያየች። የእርዳታ እህል አራግፎ የሚመለስ ሹፌር አሳፍሮ አቃቂ አመጣት፤ አንድ የባቡር ሠራተኛ ቤት ውስጥ ግማሽ ልጅ ግማሽ ሠራተኛ ሆና አደገች። አሰጋሽ የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። የመንደሯን ስም አታውቅም። የአባቷን ስም አታውቅም። የቀራት አንዲት ሴት ከጭስ ውስጥ ሆና፣ «አሻጋሪ በስሏል፣ ኑ!» ስትል የምትሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። እህሉ እስኪደርስ ቤቱን የሚያሻግረው ዱባ ነበር ማለት ነው። እናቴም ቃሉ የተወለደበትን አገር ካገኘች የተወለደችበትን ያገኘች መሰላት። ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ሳማው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነበር፤ እኔ የንግድ ብልሃት ያልኩት። (አባቴን ለምትጠይቁ፣ ሳልወለድ የሄደ ሰው ነው፤ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም።)

በዚያ ዓመት ክረምት ሀኪማ የምትባል ሴት እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። የወሎ ሰው ናት። ባሏ ዑበይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ሰው ገጭቶ ተፈርዶበት ቃሊቲ ታስሯል። እሷ ምግብ እየሠራች ታመላልስለታለች። ረጅም ናት፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች፣ እኔንም በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር «አብሽሪ ሮዲዬ!» ትለኛለች። ሮዳስ ብለው ስም ካወጡልኝ ጀምሮ እንደዚያ አሳጥሮ ያጣፈጠው ሰው አልነበረም።

ጉልታችን ስትመጣ ሽንኩርቱን በሁለት እጇ ታነሣና ትንሽ ታስባለች፤ ከዚያ ግማሹን ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ያላየች ትመስላለች። እኔ ግን አያለሁ። ታዲያ ዱባው ሊመጣ ሰሞን ቦኖው ጋ ውሃ ስንጠብቅ አገኘኋትና ጠጋ አልኩ።

«እትዬ ሀኪማ፣ ምስጢር ልንገርሽ?»

«የሠርግሽ ቀን ተቆረጠ?»

«አይደለም! እማዬ ዱባውን እናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ ስትልሽ፣ አሻጋሪ በዪ።»

«አሻጋሪ? ለምን?»

«መደቡን በሙሉ ትሰጥሻለች።»

ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች፣ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ልታከስሪ ነው!»

ዱባው የመጣው የመስቀል ዋዜማ ነው። የፋብሪካው ፉጨት ተነፍቶ ሠራተኛው እየወጣ ነበር፤ ባጃጁ፣ አቧራው፣ ከወንዙ የሚመጣው የቀለም ሽታ፣ ለችቦ የሚሸጠው እንጨት፣ ሁሉም መንገዱን ሞልቶታል። ሀኪማ መጣች። ሳያት ልቤ ዘለለ። እናቴ ዱባውን ገና መሰንጠቋ ነው።

«ሀኪማ፣ እንዴት ዋልሽ? ዑበይድ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«ዱባ ገባልኝ። እናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ?»

ሀኪማ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጋ አየች። ከዚያም ልጅ እንደሚያጫውት ሰው ሳቅ ብላ፣ «እኛማ አሻጋሪ ነው የምንለው» አለች።

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። በጣም ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፣ የሚነቃ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«ማን ነበር እንዲህ የሚለው?»

«እ?»

«ቤታችሁ ማን ነበር እንዲህ ብሎ የሚጠራው? ተናገሪ፣ በፈጣሪ!»

ተነሣች። በመደቦቹ ላይ ተራምዳ መጣች፤ ሽንኩርቱ ተንከባለለ፣ ቲማቲሙ ፈረጠ፣ አላየችውም። የሀኪማን ሁለት እጆች ያዘች። «እኔ… ስድስት ዓመቴ ነበር። በሰባ ሰባት። መጠለያው በር ላይ ሰው በዛና… እናቴ እንደዚህ ነበር የምትለው። ማነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ሮሪሳ ቆባቸውን አወለቁ።

እኔ ምን አይ እንደነበር ልንገራችሁ። እኔ ዱባውን ነበር የማየው። አሁን በሙሉ ትሰጣታለች፣ በምን ትሸከመዋለች እያልኩ ነበር።

ሀኪማ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ሳቋ ግማሹ ፊቷ ላይ ቀርቷል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። አፏን ከፈተች፤ መክፈቷን አይቻለሁ፣ ልትናገር ነበር። ከዚያ ዘጋችው። ቁልቁል የተያዙትን እጆቿን አየች፣ መሬት ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፣ እናቴም አብራት።

«አቤት ስታስመስል!» አልኩ በልቤ። አደነቅኋት።

ሽልማቱን አገኘች። እናቴ ዱባውንም ሽንኩርቱንም ያልፈረጠውን ቲማቲምም ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅጥቃ አሸከመቻት፤ ግማሹን ጋሽ ሮሪሳ አደረሱላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብልጥ ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሀኪማ ቦኖው ጋ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ያንን ቃል ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንዳትናገሪ።»

ሽልማቱን ለብቻዋ ልትጠቀልለው ነው ብዬ ታዘብኳት። ስስታም ናት ለካ! ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

በጥር ሁለቱ አብረው በአውቶቡስ ወሎ ሄዱ። እኔ ጎን የምትቸረችረው እትዬ ዳሲቱ ቤት ተቀመጥኩ። «እናትሽ ዘመድ ጥየቃ ነው» ስትለኝ አላመንኳትም፤ እኛ ዘመድ የለንማ። ዱባ በጅምላ ሊያመጡ ሄዱ አልኩ። በአሥረኛው ቀን እናቴ ፀጉሯን በማላውቀው ሹሩባ ተሠርታ ባዶ እጇን ተመለሰች። እንደዚያ አምሮባት አይቻት አላውቅም።

«አያት አለሽ» አለችኝ። «ዳበሱኝ፣ ሮዳስ! ጭንቅላቴን ዳበሱና፣ የወደቀችበት ጠባሳ የታለ አሉ። እኔ ደነገጥኩ። ወዲያው ራሳቸው፣ ልጅ ሲያድግ ጠባሳም አብሮ ይጠፋል አሉ። ይህን ያህል ዓመት ጠባሳዬን አልረሱም!»

የእናቴን ፀጉር መቶ ጊዜ አበጥሬአለሁ። ጠባሳ ኖሮት አያውቅም።

ስለ ሃይማኖቱ የጨነቀው ሰው የነበረ እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ማተቧን አንገቷ ላይ እንዳሰረች ሄዳ እንዳሰረች ተመለሰች፤ ሽማግሌው አያቴ፣ «እኛ አገር ግማሽ ቤት እንዲህ ነው» ብለው ሥጋው ለየብቻ እንዲሠራ አዘዙ። አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይዛ መጣች፣ ስም። እዚያ ፈርሃት ነው የሚሏት።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አቆመች። ጎመኑም ሽንኩርቱም ዋጋ ብቻ ሆነ። ጋሽ ሮሪሳ አንድ ሁለት ጊዜ ቆመው ጠበቁና፣ «አሰጋሽ፣ ዛሬ አትጠይቂኝም?» አሏት። «አወቅኋቸው እኮ ጋሼ፣ ሁሉንም አወቅኋቸው» አለቻቸው እየሳቀች። ጋሽ ሮሪሳ ግን የተቀሙ መሰሉ። እኔ ጨዋታው ያለቀው ሽልማቱ ስለወጣ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ዛሬ ያ ጉልት የቆመበት ላይ መጋዘን ተሠርቷል፣ እኛም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ስለዚያ ጊዜ ሳስብ የሚናፍቀኝ የፋብሪካው ፉጨት አይደለም። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የቤቱን ቃል እናቴ እጅ ላይ የሚያስቀምጥበት ያ ሰዓት ነው። አገር በሙሉ በአንድ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የገባኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ እናቴ የሰባ ሰባቱን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነ መጠለያው ስትነግረኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፣ ፍለጋም እችላለሁ። መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። አውቶቡስ ተራ እየሄድኩ የየአገሩን መንገደኛ ጠየቅሁ። ከላስታም ከወሎ ቦረናም ከራያም የመጣ ሰው ጠየቅሁ። ዱባን «አሻጋሪ» የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም። እንደሚመስለኝ የአገር ስም አልነበረም፤ የአንድ ቤት ስም ነበር፣ አንዲት ሴት ለልጆቿ ያወጣችው። ይህ ከሆነ ደግሞ ቃሉን ሊያውቅ የሚችለው ከዚያ ድስት የበላ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን በእኛ ጉልት በኩል አልፎ ይሆናል። ከጥር ወዲህ ካለፈ ግን ማንም አልጠየቀውም።

አያቴ የሞቱት ካቻምና ነው። ለቅሶው ላይ ሀኪማን ከጓሮ ብቻዋን አገኘኋት። ዑበይድ ተፈቶ አገሩ ከገባ ቆይቷል፤ እሷም ፀጉሯ ሸብቷል።

«አክስቴ፣ እናታችሁ ዱባን ምን ነበር የምትለው?»

ብዙ ዘመን የጠበቀችው ጥያቄ ነበር መሰለኝ፣ አልደነገጠችም። «ዱባ» አለችኝ። «እኛ ቤት ዱባ ዱባ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልናገር ነበር። አይተሽኛል፣ ልናገር ነበር።» እጇን ገልብጣ አየችው። «ታናሼ ፈርሃት መጠለያ ስንገባ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰው ገፋኝና ለቀቅኋት። እናትሽ ደግሞ መጥታ ያዘችኝ። እንዴት አድርጌ ነው ሁለተኛ የምለቅ?»

እኔም እጇን አየሁት።

«የምትነግሪያት ከሆነ አንቺ ንገሪያት» አለች። «እኔ አልችልም።»

ሁለት ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ። ባለፈው እሑድ ግን እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ነገርኳት። የቦኖውን፣ የጣቴን፣ የሽልማቱን፣ የመዝገበ ቃላቱን፣ የጓሮውን። እሷ ጠጠሩን ለብቻ፣ ምስሩን ለብቻ እያደረገች ሰማችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቀና ያለችው።

«ሽንኩርት ስትመልስ አይተሽ አዝነሽላት?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«እማዬ፣ ምናልባት እውነተኞቹ… ከዚያ በኋላ መጥተው…» መጨረስ አቃተኝ።

«መጥተው ይሆናል» አለች። ድምጿ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመስኮታችን የሚታየው ሌላ ሕንፃ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ፣ ብዙ ፈሰሰ።

ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነው። ስልኳን አነሣች፣ ደወለች፣ ጆሮዋ ከበድ ስለሚላት ድምፁን ከፈተችው።

«ፈርሃት!» አለች ሀኪማ ከዚያኛው ጫፍ። «ምነው በደህናሽ ነው? ሰዓቱ አይደለም እኮ።»

እናቴ ዓይኗን እኔ ላይ አደረገች።

«ደህና ነኝ እህቴ» አለች። «ጉልበትሽን ተሻለሽ? ዝናቡስ ጣለላችሁ?»

ስለ ጉልበቱ አወሩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዑበይድ ሳል፣ ስለወለደችው ላም አወሩ። ወሬው ሲያልቅ እናቴ ስልኩን ዘረጋችልኝ፤ አልተቀበልኩም። እሷም እንደተዘረጋች ቆየች።

«እንኪ እንጂ» አለችኝ። «አክስትሽ ናት። ሰላም በያት።»